ጉባኤ ዘኮፈን

አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ኮፈን ከፍቶ ብቻውን የቆመ ሰው አይቼ አላውቅም። ኮፈኑ ገና ከፍ ሲል፣ መደገፊያው ዘንግ ቦታውን ሳይዝ፣ አንዱ ከጎን ደርሶ አንገቱን ያሰግጋል። ሁለተኛው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይመጣል። ሦስተኛው አልፎ ከሄደ በኋላ አላስችል ብሎት ይመለሳል። «ምን ሆና ነው?» ይላል፤ መልስ ግን አይጠብቅም። መልሱን ይዞ ነው የመጣው።

ለዚህ ጉባኤ አባል ለመሆን መዋጮ የለም፤ መንጃ ፈቃድም አይጠየቅም። እንዲያውም መኪና ኖሮት የማያውቅ አባል ፍርዱ የጠነከረ ነው። መኪና ያለው ሰው ኪሱ ተጎድቶ ስለሚያውቅ አልፎ አልፎ «ምናልባት» ይላል፤ የሌለው ግን ምን ቸገረው?

ሰሞኑን ጉባኤው የተሰየመው በጎረቤቴ ዲኤክስ ላይ ነው። ዲኤክስን የማያውቅ የከተማችን ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ያቺ አራት ማዕዘን ኮሮላ፣ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1979 ገበያ ላይ ያወጣው ትውልድ። 1,290 ሲሲ ሞተር፣ ካርቡራተር፣ ፑንቲና፤ ሌላ ምሥጢር የላትም። በጎረቤቴ ቤት ከልጆቹ ሁሉ ታላቋ እሷ ናት፤ በበዓል ዋዜማ ከሁሉ ቀድማ የምትታጠበውም እሷው ናት።

ሕመሟ እንዲህ ነበር። ቀይ መብራት ላይ ስትቆም መሪው፣ ዳሽቦርዱና የባለቤቷ ጉንጭ አብረው ይርገፈገፋሉ። ሚኒሞ አትይዝም፤ አንዳንዴም ጥፍት ትላለች። አረንጓዴ ሲበራ ነዳጅ ይሰጣታል፤ እሷ ግን ወዲያው አትሄድም፤ ታስባለች። ከኋላ ያለው ሚኒባስ ሐሳቧን በጡሩምባ ሲያቋርጣት ድንገት ትፈናጠራለች። ጎረቤቴ ይህን ሁሉ «ትንሽ ታንገራግራለች» ብሎ ነው የሚያጠቃልለው። ሰው የገዛ መኪናውን ሕመም ሲናገር፣ ለሐኪም የሚጠጣውን መጠጥ እንደሚቆጥር ሰው፣ ሁልጊዜ «ትንሽ» ይላል።

«ጋሼ፣ ካንዴላ ነው» አለ ሊስትሮው፣ ብሩሹን ሳያስቀምጥ።

«የምን ካንዴላ! ፖምፓ ነው እንጂ» አለ የቪትዝ ባለቤቱ። «የእኔዋ ልክ እንዲህ አድርጓት ፖምፓ ስቀይርላት አለፈላት።» የእሱ ፖምፓ ቤንዚን ታንክ ውስጥ የተቀበረ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ የዲኤክሷ ደግሞ ሞተሩ ጎን ላይ ተለጥፎ በሞተሩ ዙረት የሚገፋ ሌላ ፍጥረት ነው። ይህ ልዩነት ውይይቱን አላደናቀፈውም።

«ቤንዚኑን ከየት ነው የቀዳኸው?» አለ ሦስተኛው። ለዚህ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ የለም፤ የትኛውንም ማደያ ብትጠራ «እሱማ የታወቀ ነው!» ይባላል።

በመጨረሻ ጡረተኛው የከባድ መኪና ሾፌር ተናገሩ። በወጣትነታቸው በኤንትሬ አሰብ ሲመላለሱ የኖሩ ናቸው። ንግግራቸው አጭር ነው፤ «ሞተሩ ይውረድ።» ለተቃጠለ አምፖልም፣ አልከፈት ላለ በርም የሚያዙት ይህንኑ ነው።

ልብ ብዬ እንዳየሁት ጉባኤተኛው የሚያዘው መኪናዋ የታመመችውን ሳይሆን እሱ የከፈለበትን ነው። ፖምፓ ገንዘብ ላስወጣው ሰው በዓለም ላይ ያለ መንቀጥቀጥ ሁሉ የፖምፓ ነው። ቦቢና ያስወጣው ደግሞ ፖምፓ የሚባል ነገር መኖሩንም ይጠራጠራል። ያ ሁሉ ገንዘብ ለአንድ መኪና ብቻ ወጥቶ እንዳይቀር ይመስላል፤ ትምህርቱ ለሰፈር መዳረስ አለበት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም ያልጠየቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ መቼ? ቀዝቃዛ ሳለች ነው ሲሞቃት? ቆማ ነው ስትሄድ? ነዳጅ ሲሰጧት ይብሳታል ወይስ ይሻላታል? መልሱ ግማሹን ጉባኤ ወደ ቤቱ የሚሸኝ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም ያልተጠየቀው። ሞተር ሚኒሞ ላይ ሲሆን አየር የሚመጥነው ክዳን ሊዘጋ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ሞተሩ ከክዳኑ ኋላ በኃይል ይስባል። በዚያ ሰዓት አንድ የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም የላላ ብሎን ካለ፣ ካርቡራተሩ የማያውቀው አየር በዚያ ይገባል። ሚኒሞ ላይ የሚያስፈልገው አየር ጥቂት ስለሆነ ይህች ሰርጎ ገብ ድርሻዋ ትልቅ ነው፤ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይርገፈገፋል። ነዳጅ ሰጥተህ ክዳኑ ሲከፈት ግን አየሩ እንደ ልብ ይገባል፤ ስንጥቋን ማን ይቆጥራታል? መንቀጥቀጡ ይጠፋል። ሚኒሞ ላይ ሰላም የሆነች፣ እንጦጦ ዳገት ላይ የምትሞት መኪና ደግሞ ተቃራኒዋ ናት፤ እሷ ቤንዚን ነው ያጠራት፣ ፊልትሮና ፖምፓ ይታይላት። ቆማም ሄዳም እኩል የምትመታ ከሆነ አንዱ ፒስተን ሥራ ፈትቷል ማለት ነው፤ የካንዴላ ገመዶቹን በየተራ በተሸፈነ ፒንሳ ነቅሎ ማዳመጥ ነው፤ የትኛው ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ሥራ ፈቱ እሱ ነው። ይህን ለማወቅ ጆሮና ቀኝ እግር ይበቃሉ። ሁለቱም ግን ሶማሌ ተራ አይሸጡም።

ጎረቤቴ ጨዋ ሰው ስለሆነ የሁሉንም ምክር አከበረ። ቅዳሜ ሶማሌ ተራ ወረደ። ሶማሌ ተራ ሕመምህን አይጠይቅህም፤ የመኪናህን ስምና የኪስህን ሁኔታ ብቻ ነው የሚጠይቅህ፤ «ኦሪጅናል ይሁን ሌላው?» ሰው ሁሉ ኦሪጅናል ይላል። ካርቶኑ ላይ ያለው የጃፓን ጽሕፈት ለሻጩም ለገዢውም እኩል ድፍን ነው፤ ስለዚህ ክርክር አይነሳም። ካንዴላ፣ የካንዴላ ገመድ፣ የዲስትሪቢዩተር ክዳን፣ ቦቢና፣ ፖምፓ፣ ፊልትሮ ተሸክሞ መጣ፤ ሁሉም በአንድ ከሰዓት ተገጠመ። ይህን ሁሉ ባንዴ የቀየረ ሰው ቢድንለት ምኑ እንዳዳነለት፣ ቢብስበት ምኑ እንዳባሰበት ማወቂያ የለውም።

ባሰባት። ለካስ የጋራዡ ልጅ ገመዶቹን ሲመልስ ሁለቱን አዘዋውሯቸዋል። የዚያ ሞተር እሳት የሚታደለው በ1፣ 2፣ 4፣ 3 ተራ ነው፤ ተራው የተነካበት ሞተር ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በካርቡራተሩ አስነጠሰ፣ በማርሚታው ተኮሰ፤ ሁለት በሮች ተከፍተው «ምንድን ነው?» ተባለ። ልጁ ገመዶቹን በየቦታቸው ሲመልስ መኪናዋ ወደ ቀድሞ ሕመሟ ተመለሰች። ጎረቤቴ በዚህ ፈውስ እጅግ ተደስቶ ለልጁ የሻይ ሰጠው።

ቀጥሎ የተጠራው መካኒክ ነገሩን በአንዲት ካቻቢቴ ጨረሰው። «ሚኒሞዋን ላንሳልህ?» አለ። ግማሽ ዙር አዞረ፤ መርገፍገፉ ቆመ። በደቂቃ 750 ገደማ መዞር የነበረበት ሞተር 1,200 እየዞረ ግቢውን በጩኸት ሞላው። ጉባኤው አጨበጨበ ማለት ይቀላል።

በከተማችን ስንት መኪና በዚህች ብሎን «ድኖ» እንደሚንቀሳቀስ ሳስብ ይገርመኛል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል ነበር፤ የእኛ ጋራዥ መሸሸጉን ራሱን መድኃኒት ካደረገው ቆየ። ብሎኗ የምታደርገው ክዳኑን ከፈት አድርጋ ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ ስንጥቁ እዚያው አለ፣ ቤንዚኑ ግን ይፈሳል። የሚያስቀው ደግሞ ሌላ ነው። ካርቡራተሩ ውስጥ ከክዳኑ ጠርዝ አጠገብ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፤ ሥራቸው እግር ቤንዚን መርገጫው ላይ ሲያርፍ፣ ዋናው መስመር እስኪነቃ ድረስ፣ በመሐል ያለውን ክፍተት መሙላት ነው። ክዳኑን በብሎን አስቀድመህ ከከፈትከው እነዚህ ቀዳዳዎች ቆመህ ሳለ ሥራቸውን ይጨርሳሉ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን የሚያግዝ የለም። ስለዚህ የጎረቤቴ መኪና መንቀጥቀጧን ትታ ማሰቧን አበዛች። ጎረቤቴም «መንቀጥቀጡስ ተሻላት፤ አሁን የቀራት መዘግየቱ ነው» እያለ ለሁለተኛው ሕመም ሌላ ሐኪም ፍለጋ ጀመረ።

ይህች ብሎን የምትወደደው በተለይ በሽያጭ ቀን ነው። ገዢ ሲመጣ ሞተሩ ሞቆ ይጠብቀዋል፤ ሚኒሞው ከፍ ብሏል፤ ኮፈኑ ውስጥ በናፍጣ ታጥቦ ያብለጨልጫል። ገዢው ደግሞ «አዋቂ» ይዞ ነው የሚመጣው። አዋቂው ሁለት ጊዜ ነዳጅ ሰጥቶ ያስጮኻል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ «ሞተሯ ሰላም ናት» ይላል። ቀዝቃዛ ሞተር አስነስቶ ማየት ጠዋት መነሳት ስለሚጠይቅ አይደረግም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችውን አሮጌ መኪና ማንቋሸሽ ነውር ሆኗል። በነገራችን ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ሚኒሞ የሚባል ነገር የለውም፤ ሲቆም ይቆማል። ይህ ሁሉ ጉባኤተኛ ወደፊት የት ይሰበሰብ እንደሆነ የሚያስብለት ያለ አይመስለኝም።

ከቨርጂኒያ ለዕረፍት የመጣው የጎረቤቴ የእህት ልጅ በዚህ መሐል ደረሰ። «አጎቴ፣ ምን ይህን ሁሉ አደከመህ? በኮምፒዩተር ትነበብ!» ብሎ ከሻንጣው ስልክ የምታክል መሣሪያ አወጣ። ልጁ የሚኖርበት አገር ከእ.ኤ.አ. 1996 ሞዴል ጀምሮ መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት ሶኬት እንዲኖረው በሕግ ስላዘዘ፣ ሶኬት የሌለው መኪና መኖሩ አልታየውም። ዳሽቦርዱ ሥር ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ በእጁ የነበረው ጉባኤው ሁሉ የረሳው የቤት ቁልፍ ነው። ጎረቤቴ ቁልፉን አይቶ ደስ አለው፤ እሱን ካጣው በኋላ በሩ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል።

በኮምፒዩተር ላይ ያለን እምነት ለብቻው ሊጻፍበት ይገባል። የእ.ኤ.አ. ዘጠናዎቹ አጋማሽ ኮሮላዎች ሶኬቱ ባይኖራቸውም ሕመማቸውን ይናገራሉ፤ ኮፈኑ ሥር ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ሁለት ቀዳዳዎችን በቁራጭ ሽቦ ካገናኘሃቸው የሞተሩ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በቁጥር ብልጭ ድርግም ይላል። አራት ጊዜ፣ ዐረፍ፣ አንድ ጊዜ ካለ 41 ነው፤ የአየር ክዳኑን አቋም የሚለካው ሰንሰር። ሽቦ በነፃ ስለሚገኝ ይህን የሚያምን ደንበኛ የለም። መኪና የሚያነብ ታብሌት የያዘ ሲመጣ ግን ሁሉም ይነሳል። ታብሌቱም ቢሆን እውነቱን ይናገራል፤ የሚሰማው ነው የጠፋው። «ቤንዚኑ ሳስቷል» ሲል፣ ሳስቷል ብሎ የነገረው የማርሚታው ሰንሰር ይቀየራል። ወሬ ነጋሪው ተቀየረ፤ ወሬው እዚያው አለ። አዲሱ ሰንሰርም በማግሥቱ ያንኑ ወሬ ይዞ ይመጣል፤ «ኮፒ ገዛህ» ይባላል።

የእህት ልጁ ግን ተስፋ አልቆረጠም። የሞተርን ስበት የሚለካ ቫኪዩም ጌጅ ከአንድ ጋራዥ ተዋሰና ገጠመው። መጽሐፉ ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ያሳያል ይላል፤ መርፌው ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ ቆመ። ልጁ በሐዘን አንገቱን ነቀነቀ። ጡረተኛው ሾፌር ብቻ በደስታ ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ «ሞተሩ ይውረድ አላልኩም?»

መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ባሕር ዳርቻ ተቀምጠው እንደሆነ ማንም አላስታወሰም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጌጁ ላይ አንድ ኢንች ገደማ ይቀነሳል። ስለዚህ እዚህ ከተማ ያለ ጤነኛ ሞተር ሁሉ በመጽሐፉ ዓይን ለቀብር የተዘጋጀ ነው። መርፌው ካጎደለው አብዛኛው የከተማዋ ነበር፤ የመኪናዋ ድርሻ ትንሹ ነው። ጡረተኛው እንኳ አሰብ ወርደው ሲነዱ መኪናው ነብር ይሆን እንደነበር ሁሌ የሚያወሩት ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱን ግን ለአሰብ ዓሣ ነው የሚሰጡት፤ ጉልበት የሰጠው ለሾፌሩ ነው ባይ ናቸው።

የሰፈራችን ሰው ሶደሬ ደርሶ ሲመለስ የሚያመጣው ወሬም ከዚህ የሚለይ አይደለም። ሰው ለወገብና ለጉልበት ሕመሙ ፍል ውሃ ሊገባ ወደ ናዝሬት ሲወርድ መኪናው በመንገድ ላይ ትፈወሳለች። ትጎትታለች፣ ሚኒሞዋ ይረጋል፣ ጥቁር ጭሷ ይቀንሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በወረደ ቁጥር አየሩ ይወፍራል፣ ለከተማችን አየር ቤንዚን የሚያበዛው አሮጌ ካርቡራተርም እዚያ ልኩን ያገኛል። ባለቤቱ ግን «የናዝሬት ቤንዚን ንጹሕ ነው» ብሎ ጀሪካን ሞልቶ ይመለሳል። ደብረ ዘይትን አልፎ ዳገቱን ሲጀምር ሕመሙ ይመለሳል። ጀሪካኑም ተጠርጣሪ ይሆናል።

ዲኤክሷን ያዳነው ሰው የሚሠራው ቆርቆሮ አጥር ሥር ነው፤ ታፔላ የለውም። ጎረቤቴ እዚያ የሄደው ሌላው ጋራዥ ዝግ ስለነበረ እንጂ አምኖት አይደለም። መካኒኩ ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት መጠየቅ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ስትሰጧት ይብሳታል ወይስ ይሻላታል?»

«ከተነሳች በኋላ ደህና ናት።»

«ፍሬኗስ?»

«ፍሬን? ፍሬኗ ምን አገናኘው? ጠንክሮብኝ ነበር፤ ሸራ አስቀይሬያለሁ።»

መካኒኩ ከዚያ በኋላ ብዙ አልጠየቀም። አንዲት ቁራጭ የጎማ ቱቦ አንድ ጫፏን ጆሮው ላይ አድርጎ በሌላው ጫፏ የሞተሩን ዙሪያ አዳመጠ። ከሞተሩ ተነስቶ ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄደው ወፍራም ቱቦ ጋ ሲደርስ ቆመ። ቱቦውን በፒንሳ ጨመቅ ሲያደርገው የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ተለወጠ። የቱቦው ጫፍ በሙቀት ደርቆ ተሰንጥቋል። ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል የሚመጣው ከዚያው ከሞተሩ ስበት ነው፤ ስበቱ በስንጥቁ ሲያመልጥ ፍሬኑ ይጠነክራል፣ በስንጥቁ አየር ሲገባ ሚኒሞው ይረገፋል። ጎረቤቴ ለአንዱ ስንጥቅ ሸራም ፖምፓም ገዝቶለታል ማለት ነው። መካኒኩ የተሰነጠቀውን ጫፍ በምላጭ ቆርጦ ጣለ፤ ቱቦው ትርፍ ስለነበረው ሳብ አድርጎ መልሶ ሰካው፣ አጠበቀው። ከዚያ ያቺን የተወደደች ብሎን ወደ ቦታዋ አወረዳት። ሞተሩ ረጋ። ነዳጅ ሲሰጠው ሳያስብ ተነሳ።

ጎረቤቴ ፊቱ ላይ ደስታ ሳይሆን ቅሬታ ነው ያየሁት።

«ይኸው ነው?» አለ።

«ይኸው ነው።»

«ስንት ነው?»

«አንድ ሺህ ብር።»

«አንድ ሺህ! ለምኑ? አንዲት ዕቃ እንኳ አልገጠምክም እኮ። ቆርጠህ ጣልክ እንጂ!»

«አይቼ ነው ጋሼ።»

«ለማየት ደግሞ ይከፈላል? እኔስ ስንት ቀን ሳያት አልነበር?»

ክርክሩ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ቆየ። ካንዴላውን፣ ቦቢናውንና ፖምፓውን ሲገዛ ደረሰኝ እንኳ ያልጠየቀ ሰው፣ እዚህ መቶ ብር በመቶ ብር እየተፋለመ ወደ አራት መቶ አወረደው። ወዲያው ግን ልቡ አላርፍ አለው። ያለ ዕቃ የተገኘ ፈውስ እስከ ሰፈር አያደርስም ብሎ ሰጋ መሰለኝ፣ «ለማንኛውም አዲስ ቱቦ ይግባላት» አለ። መካኒኩ አሮጌው ገና ዓመታት እንደሚሄድ ነገረው፤ አልሰማም። ሶማሌ ተራ ሄዶ ካርቶን ያለው ቱቦ ይዞ መጣ፤ ለቱቦው የከፈለውን ሲናገር ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር። መካኒኩ ገጠመለት፤ «የእጅ ስድስት መቶ» አለው። ጎረቤቴ ሳይከራከር ቆጥሮ ሰጠ፤ ሊስትሮው፣ የቪትዙ ባለቤትና ጡረተኛውም እያንዳንዳቸው ቀድመው ብለውት እንደነበር በየተራ አስታወሱት።

ባለፈው ሳምንት በዚያ ቆርቆሮ አጥር በኩል ሳልፍ መካኒኩ አዲስ መደርደሪያ ሠርቷል። ላዩ ላይ ካርቶን ያላቸው ቱቦዎች፣ ፊልትሮዎችና ካንዴላዎች ተደርድረዋል። አንድ ደንበኛ መኪናውን እያስነሳ ስለመንቀጥቀጧ ሊነግረው ሲጀምር፣ መካኒኩ ሳያስጨርሰው ወደ መደርደሪያው ዞሮ «ኦሪጅናል ይሁን ሌላው?» አለው።